ሠራተኛ ሲታመም፦ ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች ስለ አሠሪና ሠራተኛ ሕግ

ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በሱሉልታ ወረዳ፣ ወደ ፍቼና ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ደርባና ወደ ሙገር የሚያመራው መንገድም ከዚሁ ይታጠፋል። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶችና የሲሚንቶ ጭነት መኪናዎች ሲያልፉ ውለው ያድራሉ። በዙሪያዋ ያለው የሱሉልታ ሜዳ በወተት ላሞቹና በድርቆሹ የታወቀ ነው። የከተማዋ ሥራም ከዚሁ የተቀዳ ነው፦ ወተት ማሰባሰቢያ፣ ድርቆሽ አሳሪና ጫኝ፣ ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ጎማ ጥገና፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ። በእነዚህ ድርጅቶች ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሠራተኞቹ ጋር እኩል ጎንበስ ብሎ ይሠራል፣ ደመወዙም በቃል ስምምነት ይከፈላል።

የኮሮና ቫይረስ በሽታ ወደ እንዲህ ያለ ድርጅት የሚገባው ከመንገደኛ ብቻ አይደለም። ሌሊት ትኩሳት ሲያንገላታው ያደረ የወተት ቆርቆሮ አጣቢ ማለዳ ላይ የሚያደርገው ምርጫ አለ። ማመሙን ለአሠሪው ተናግሮ ቤቱ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወይም ሳሉን ውጦ ወደ ሥራው ሊገባ ይችላል። ይህን ምርጫ የሚወስነው በአብዛኛው ስለ በሽታው ያለው ዕውቀት ሳይሆን ስለ ደመወዙ ያለው እርግጠኝነት ነው። «የቀረ ቀን አይከፈልም» በሚባልበት ቤት ሕመም ይደበቃል። ስለዚህም እጅ መታጠብንና አካላዊ ርቀት መጠበቅን በሚያስተምር መጽሔት ውስጥ ስለ ሥራ ውልና ስለ ሕመም ፈቃድ መነገሩ ከጉዳዩ የራቀ አይደለም። የሕመም ፈቃድ ክፍያ ራሱ የመከላከያ መሣሪያ ነው፤ የሕጉን መሠረታዊ ድንጋጌዎች የሚያውቅ ባለቤትም ሠራተኛውንም ደንበኛውንም ድርጅቱንም በአንድ ጊዜ ይጠብቃል።

ሕጉ ለማን ነው?

በብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ዘንድ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለፋብሪካና ለትልልቅ ኩባንያዎች የወጣ ተደርጎ ይታሰባል። ይህ ስሕተት ነው። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 የተካው፣ የሠራተኛ ቁጥርን መነሻ አያደርግም። አንድ ሰው ለሌላ ሰው በእርሱ አመራር ሥር ሆኖ በደመወዝ ለመሥራት ከተስማማ የሥራ ውል አለ። አንድ አስተናጋጅ ብቻ ያላት የሻይ ቤት ባለቤት በዚህ ሕግ ዓይን አሠሪ ናት።

ከአዋጁ ወሰን ውጭ የሆኑ የሥራ ግንኙነቶች አሉ፤ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሥራ መሪዎች፣ በቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት የሚቀጠሩ ሰዎች ይገኙባቸዋል። ይሁን እንጂ እንደ ጫንጮ ባሉ ከተሞች መስመሩ ደብዛዛ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠዋት የባለቤቷን ቤት አጽድታ ከቀትር በኋላ በምግብ ቤቱ ሣህን የምታጥብ ወጣት «የቤት ሠራተኛ ናት» ተብላ ብቻ መታለፍ አይገባትም፤ ለምግብ ቤቱ የምትሰጠው አገልግሎት የንግድ ሥራ ነው። ከገጠር የመጣ የእኅት ልጅም በደመወዝ እስከ ሠራ ድረስ ዝምድናው መብቱን አይቀንስበትም። እንዲያውም በዝምድና የተቀጠረ ሰው ሕመሙን ለመናገር ይበልጥ የሚያፍርበት ጊዜ አለ።

በቃል የተደረገ ውልና 15 ቀን

የሥራ ውል የተለየ አጻጻፍ አይጠይቅም፤ በቃልም ይጸናል። ነገር ግን በቃል የቀጠረ አሠሪ ውሉ በተደረገ በ15 ተከታታይ ቀናት ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘና የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በጽሑፉ የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የሠራተኛው ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙ ልክ፣ የሚከፈልበት ጊዜና ሁኔታ፣ ውሉ የሚቆይበት ዘመን ይገለጻሉ። ለዚህ ጠበቃ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ሠራተኛው አፋን ኦሮሞ የሚያነብ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ መጻፉ ከሁሉ ይሻላል፤ ያልተነበበ ወረቀት በክርክር ጊዜ ማንንም አይጠቅምምና።

ጽሑፉ ባይሰጥ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሚጎዳው አሠሪው ነው። ለምሳሌ ሕጉ ከ60 የሥራ ቀናት ያልበለጠ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይቻላል። ይህ ግን የሙከራ ጊዜው በጽሑፍ ከተመለከተ ነው። በቃል ብቻ «ለሁለት ወር እንተያይ» የተባባለ ባለቤት ክርክር ቢነሣ የሙከራ ጊዜ ነበር ብሎ ለማስረዳት የሚይዘው ነገር የለውም። የውል ዘመንም እንዲሁ ነው። በመርህ ደረጃ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይገመታል። ድርቆሽ በሚታሰርበት ወቅት ብቻ የሚቀጠር ሰው በተወሰነ ጊዜ ውል ሊሠራ ይችላል፤ ወቅቱና ሥራው በወረቀት ሲሰፍር የሁለቱም ልብ ያርፋል።

የሕመም ፈቃድ

የወረርሽኙ ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጭ በሆነ ሕመም ምክንያት መሥራት ካልቻለ የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ ከታመመበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። ክፍያው በሦስት ደረጃ ተከፍሏል፦ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ የሚቀጥሉት 2 ወራት ከደመወዙ 50 በመቶ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ።

በቁጥር ሲታይ፣ በወር 3,000 ብር የሚከፈለው አስተናጋጅ ለመጀመሪያው ወር 3,000 ብር፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ወር 1,500 ብር፣ 1,500 ብር ያገኛል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ክፍያ ባይኖርም የሥራ ቦታው ይጠበቅለታል። ሆኖም በኮሮና ቫይረስ የተያዙ አብዛኞቹ ሰዎች የሚያገግሙት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ሲታመም ባለቤቱ የሚከፍለው በተግባር ከመጀመሪያው ወር ገደብ እምብዛም አያልፍም። ይህን ወጪ የሚፈራ ሰው ሌላውን ወጪ ማስላት ይኖርበታል፤ አምስት ሠራተኞች ባሉበት ምግብ ቤት አንድ የተደበቀ ሳል አምስቱንም በአንድ ሳምንት ሊያስተኛ ይችላልና።

ሠራተኛው ደግሞ የራሱ ግዴታ አለበት። አሠሪው አስቀድሞ ካላወቀ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በቀረበት ማግስት መታመሙን ማሳወቅ፣ ከጤና ተቋም የተሰጠ ማስረጃም ማቅረብ ይጠበቅበታል። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ በጥንቃቄ ሊፈጸም ይገባል። ትኩሳትና ሳል ያለበትን ሰው «ወረቀትህን ይዘህ ና» ብሎ ወደ ሱቅ መጥራት በሽታውን በእጅ እንደ መጋበዝ ነው። መታመሙን በስልክ ቢናገር ይበቃል፤ ማስረጃው ሲያገግም ወይም በሌላ ሰው እጅ ሊደርስ ይችላል። ምልክት የታየበት ሰው ከቤት ሳይወጣ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎ ምክር መጠየቅ ይችላል።

በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛና በቀን ሒሳብ የሚሠራ ጫኝ ሲታመሙ ግን ነገሩ ይለያል። በሙከራ ላይ ላለው ሠራተኛ የሕመም ፈቃዱ ድንጋጌ አይደርስለትም። የቀን ሠራተኛውም መብት በውሉ ዓይነትና በአገልግሎቱ ርዝመት ይወሰናል። ሕጉ ባያስገድድም ለእነዚህ ሰዎች ለሁለት ሳምንት ያህል የዕለት ጉርሳቸውን የሚሸፍን ገንዘብ መስጠት ብልህነት ነው። ሕመሙን የመደበቅ ፈተናው ከማንም በላይ የሚበረታው በእነርሱ ላይ ነውና።

ሌላው ጥያቄ ራሱ ሳይታመም ከታመመ ሰው ጋር በነበረው ንክኪ ምክንያት ተለይቶ እንዲቆይ የተነገረው ሠራተኛ ነው። አዋጁ የሕመም ፈቃድን የሚሰጠው ለታመመ ሰው በመሆኑ ይህን ሁኔታ በስሙ ጠርቶ አላነሣውም። ተገቢው መንገድ በስምምነት መፍታት ነው። ሠራተኛው የዓመት እረፍት ካለው ከዚያ ላይ ሊወስድ ይችላል፤ የዓመት እረፍት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 2 ዓመት 1 የሥራ ቀን ይጨመርበታል። ከቤት ሊሠራ የሚችል ሥራ፣ እንደ ሒሳብ ምዝገባና ትእዛዝ መቀበል ያለ፣ ካለም ሊሰጠው ይችላል። በምንም መንገድ ቢሆን ጥፋት እንዳልሠራ መታወቅ አለበት። በጤና ባለሙያ ትእዛዝ የቀረን ሰው «ያለ ፈቃድ ቀርቷል» ብሎ መመዝገብ ከሕጉም ከጤናውም ዓላማ ጋር ይጋጫል።

ሠራተኛው በሽታውን የያዘው በሥራ ቦታ ነው ቢባልስ? አዋጁ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሌላ ሕመም ለይቶ ያያል፤ በአካባቢው የተዛመተ ወረርሽኝ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ልዩ ሁኔታው በሽታውን መዋጋት ሥራቸው የሆነ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ የወተት ማሰባሰቢያና የሻይ ቤት ሠራተኛ በኮሮና ቫይረስ ቢታመም በመደበኛው የሕመም ፈቃድ ይስተናገዳል።

የጭምብሉና የሳሙናው ወጪ

የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ በአዋጁ የአሠሪው ግዴታ ነው። የመከላከያ ዕቃዎችን ማቅረብና አጠቃቀማቸውን ማስረዳትም የዚሁ ግዴታ ክፍል ነው። ስለዚህ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ሳሙናና ውኃ፣ እንደ ሥራው ጠባይም ጓንት የሚቀርበው በአሠሪው ወጪ ነው። የጭምብልን ዋጋ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ አይገባም። ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ማንኛውም ሒሳብ በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት የተደገፈ መሆን አለበት፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

ሠራተኛውም በፊናው የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀምና መመሪያ የማክበር ግዴታ አለበት። የሕክምና ምርመራንም በተመለከተ፣ ሕግ ሲጠይቅ ወይም አሠሪው በበቂ ምክንያት ሲያዝ እንቢ ማለት አይችልም፤ ከዚህ ውጭ የተደረገው የኤች አይ ቪ ምርመራ ብቻ ነው። ምርመራው በሕግ ወይም በሚመለከተው ባለሥልጣን የታዘዘ ሲሆን ወጪው የአሠሪው ነው። የምርመራው ውጤት ግን የባለቤቱ ወሬ አይደለም። ለሚመለከተው የጤና ተቋምና ንክኪ ለነበራቸው ሰዎች ከሚያስፈልገው በላይ እንዲናኝ ማድረግ የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታን ይጥሳል፤ የሚቀጥለው ታማሚም አፉን እንዲዘጋ ያስተምራል።

በወረርሽኙ ጊዜ በወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 መሠረት መጨባበጥ ተከልክሎ፣ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ጭምብል ግዴታ ሆኖ፣ በሰዎች መካከልም የሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ተወስኖ ነበር። በዚያን ጊዜ ጭምብል ያላደረገን ደንበኛ የመለሰ አስተናጋጅ ገበያ አሳጣህ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም ነበር፤ የፈጸመው ድርጅቱ ራሱ የተጣለበትን ግዴታ ነበር።

ሥራ ሲቀዘቅዝ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በኢትዮጵያ ከተገኘ በኋላ ብዙ ድርጅቶች ገበያ አጥተዋል። የሕዝብ ትራንስፖርት ሲገደብ በአውራ መንገድ ላይ ከመንገደኛ የሚኖሩ ምግብ ቤቶች ባዶ ውለዋል። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ማስፈጸሚያ ደንብ ቁጥር 466/2012 አሠሪዎች የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው ፕሮቶኮል ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ከልክሎ ነበር። አዋጁ አምስት ወር ቆይቶ አብቅቷል። «እንግዲህ ማሰናበት ተፈቀደ» የሚሉ ባለቤቶች አሉ፤ ነገር ግን ያበቃው ልዩው ክልከላ ነው እንጂ መደበኛው ሕግ አይደለም። መደበኛው ሕግም ቢሆን ከማሰናበት በፊት የሚሄዱባቸው ሌሎች መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው የአጭር ጊዜ መቋረጥ ነው። ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ ጥሬ ዕቃ ወይም መሣሪያ በመጥፋቱ፣ ወይም በእርሱ ባልሆነ ሌላ ምክንያት ሳይሠራ ቢውል ደመወዙን ያገኛል። መኪና ባለመምጣቱ ወተት ሳይጫን የዋለበት ቀን የሠራተኛው ዕዳ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ሥራን ለጊዜው ማገድ ነው፤ ለአነስተኛ ድርጅቶች በእጅጉ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ እምብዛም አይታወቅም። ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል፣ ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ምክንያት የድርጅቱ ሥራ ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ በሙሉ ወይም በከፊል የሚቋረጥ ከሆነ፣ ከሥራ ውሉ የሚመነጩ መብቶችና ግዴታዎች ሊታገዱ ይችላሉ። በእግዱ ጊዜ ሠራተኛው አይሠራም፣ አሠሪውም ደመወዝ የመክፈል ግዴታ አይኖርበትም፤ ውሉ ግን አልተቋረጠም። ይህን መብት ለማግኘት አሠሪው ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 ቀናት ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መሥሪያ ቤቱ ጽሑፉ በደረሰው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በቂ ምክንያት መኖሩን ይወስናል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል። እግዱ ከ90 ቀናት አይበልጥም። በቂ ምክንያት የለም ከተባለ ሥራው እንዲቀጥልና ሠራተኞቹ ላልሠሩባቸው ቀናት እንዲከፈላቸው ይታዘዛል። ውሳኔውን የተቃወመ ወገን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይችላል።

ሦስቱ ቀናት ያልፋሉ፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ «ነገሩ ሲረጋጋ እጠራችኋለሁ» ብሎ ሠራተኞቹን ይበትናል። አንድም ወረቀት አልተጻፈም። ከወራት በኋላ ሠራተኞቹ ያልተከፈለ ደመወዝ ሲጠይቁ «ታግዶ ነበር» የሚለው መከራከሪያ የሚቆምበት መሬት አይኖረውም። ለማሳወቂያው አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል፤ ሥራው መቼ እንደ ቆመ፣ ለምን እንደ ቆመ፣ ስንት ሠራተኞች እንደሚነካና እስከ መቼ ሊቆይ እንደሚችል ይገልጻል። አንዱን ቅጂ ማኅተም አስመትቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ምክንያቱም እውነተኛ መሆን አለበት። በጾም ወራት የወተት ፈላጊ እንደሚቀንስ በሱሉልታ ዙሪያ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ በየዓመቱ የሚመጣን ነገር ድንገተኛና ከአቅም በላይ ነው ብሎ ማስረዳት አዳጋች ነው። የ2012 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ከወረርሽኙ መግባት ጋር በመግጠሙ ሁለቱ ችግሮች ተደራርበው ነበር፤ ለመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ የሚቀርበው ግን ወረርሽኙ ስላመጣው መቋረጥ ነው።

እግዱ ሲያበቃ ሠራተኛው በማግስቱ የሥራ ቀን ሥራው ላይ መገኘት፣ አሠሪውም በቀድሞ ቦታውና በቀድሞ ደመወዙ መመለስ አለባቸው። ድርጅቱ ከነጭራሹ መቀጠል እንደማይችል ከተረጋገጠ ውሉ ይቋረጣል፣ ሠራተኛውም በሕግ የተወሰነለትን ክፍያ ይቀበላል።

ማሰናበት የማይቀር ሲሆን

የገበያ መቀነስ ሥራውን ወይም ትርፉን ቀንሶ ሠራተኛ ማሰናበትን አስገዳጅ ካደረገ ሕጉ በማስጠንቀቂያ ማሰናበትን ይፈቅዳል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ 2 ወር ነው። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሰጣል፣ ምክንያቱንም ይገልጻል።

የስንብት ክፍያው ስሌት ብዙ ባለቤቶችን ያስደነግጣል፤ አስቀድሞ ማወቁ ግን ይሻላል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀነስ የቀን ደመወዙ 60 እጥፍ ይታከልበታል። የቀን ደመወዙ 100 ብር የሆነና 2 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በቅነሳ ቢሰናበት፣ 3,000 ብርና 1,000 ብር፣ በዚያም ላይ 6,000 ብር፣ በድምሩ 10,000 ብር ይገባዋል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት።

ከዚህ ሥርዓት ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ወይም ካሣ እንዲከፈለው ፍርድ ቤት ሊወስን ይችላል፤ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ከሆነ ካሣው የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያም ይጨመርበታል። በሕመም ፈቃድ ላይ ያለን ሰው «ታምመሃልና ሌላ ቀጥረናል» ብሎ ማሰናበት ወደዚህ ውጤት የሚያደርስ አቋራጭ መንገድ ነው። ነፍሰ ጡርን ሴት በእርግዝናዋና ከወለደች በኋላ ባሉት 4 ወራት ከሥራ ማስወጣትም የተከለከለ ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ ለነፍሰ ጡር የሚገባው ጥንቃቄ ከደንበኛ ንክኪ ራቅ ወዳለ ሥራ ማዛወር ነው እንጂ ማሰናበት አይደለም።

የቀሩት ሠራተኞች ሰዓት

አንዱ ሲታመም ሥራው በቀሩት ላይ ይወድቃል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያውም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የደከመ ሠራተኛ የእጁን ንጽሕና እንደሚረሳ የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል።

በትምህርት ቤቶች መዘጋት ሳቢያ ልጆች ወደ ሥራ መግባታቸውም መነሣት ያለበት ጉዳይ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሊቀጠር ይችላል፤ ነገር ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ ሌሊት፣ በእረፍት ቀንና በበዓል ሊሠራ አይችልም። ትምህርት ሲከፈት ወጣቱ ወደ ክፍሉ እንዲመለስ መንገዱን ክፍት ማድረግ ከአሠሪው ይጠበቃል።

ጡረታውም አይዘነጋ። በግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ።

መዝገቡና ክርክሩ

አሠሪ የሠራተኞቹን ዝርዝር፣ የተከፈለ ደመወዝን፣ እረፍትንና የጤና ሁኔታን የሚመለከት መዝገብ እንዲይዝ ሕጉ ያዛል። በጫንጮ ያለ ወተት ማሰባሰቢያ ማን ስንት ሊትር እንዳስገባ በየቀኑ ይመዘግባል፤ በዚያው ደብተር ኋላ ያሉት ጥቂት ገጾች ለሠራተኞች ሒሳብ ይበቃሉ። ማን መቼ ታመመ፣ መቼ አሳወቀ፣ ስንት ቀን ተከፈለው፣ መቼ ተመለሰ የሚለው ሰፍሮ ሠራተኛው ከፈረመበት፣ አብዛኛው ክርክር ገና ሳይጀመር ይበርዳል። መዝገቡ ከጤና ጉዳይም አይለይም፤ የንክኪ ልየታ የሚሠሩ ባለሙያዎች በየትኛው ቀን ማን ከማን ጋር ይሠራ እንደ ነበር ሲጠይቁ መልሱ ከዚያ ይገኛል።

አለመግባባት ሲፈጠር የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ሁለቱንም ወገኖች ሊያነጋግር ይችላል፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ለምክር ጭምር የተመደቡ ናቸው። ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለውን ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄን መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት።

ከበሽታው አገግሞ የተመለሰ ሠራተኛ ወደ ቀድሞ ሥራው ይገባል። የሚጠጣበት ኩባያ ለብቻው ተለይቶ፣ ደንበኛ እንዳያየው ወደ ጓዳ ተገፍቶ እንዲሠራ ማድረግ በጤና ረገድ የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ የጤና ባለሙያው መመለስ ይችላል ካለበት ቀን ጀምሮ ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር አንድ ዓይነት ጥንቃቄ እያደረገ ይሠራል፣ ደመወዙም እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።